ከወዳጅ ዘመድ ገንዘብ ከመቀበልዎ በፊት፦ በአሜሪካ ድርጅት መሥርቶ ድርሻ የመሸጥ አሠራር

ሁለት ባልንጀሮች አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የእንጀራ መጋገሪያ ሊከፍቱ ነው እንበል። ምጣዱ፣ ማቡኪያው፣ የቤት ኪራዩና የመጀመሪያው ዙር ጤፍ 300,000 ዶላር ይጠይቃል። እነሱ ጉልበትና ሙያ አላቸው። ገንዘቡን 12 ወዳጅ ዘመዶች እያንዳንዳቸው 25,000 ዶላር ያዋጣሉ፤ አምስቱ ቨርጂኒያ፣ አራቱ ሜሪላንድ፣ ሁለቱ ቴክሳስ፣ አንዷ ፍሎሪዳ ይኖራሉ። በእኛ ልማድ ይሄ ተማምኖ ማዋጣት ነው። በአሜሪካ ሕግ ግን ሰነደ መዋዕለ ንዋይ (ሴኩሪቲ) መሸጥ ነው። ጉዳዩ የሚመለከተውም ድርጅቱ የተመሠረተበትን ስቴት ብቻ አይደለም፤ ገዢዎቹ የሚኖሩባቸውን አራቱንም ስቴቶችና የፌዴራሉን መንግሥት ይመለከታል።

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከክፋት ሳይሆን ከቅደም ተከተል ነው፤ ገንዘቡ ቀድሞ ይገባል፣ ወረቀቱ ኋላ ይፈለጋል። እዚህ የተጻፈው ተገላቢጦሹ ነው። ክፍያዎች ስለሚለወጡ በሚያስገቡበት ቀን ከመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ያረጋግጡ። ከደረጃ 4 ጀምሮ ያለውን ደግሞ የሴኩሪቲ ሕግ የሚሠራ ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ። የኢሚግሬሽን ወይም የመኪና አደጋ ጠበቃ፣ ምንም ጎበዝ ቢሆን፣ ለዚህ አይሆንም።

ደረጃ 1፦ የሚሸጡት ምን እንደሆነ ይለዩ

መለኪያው የመጣው ከብርቱካን እርሻ ነው። ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ኩባንያ የብርቱካን መሬቱን በረድፍ በረድፍ ከፍሎ ለእንግዶች ይሸጥ ነበር። ገዢው ዛፉን አይነካም፤ መኮትኮቱም፣ መልቀሙም፣ መሸጡም የኩባንያው ሥራ ነው፤ ለገዢው የሚደርሰው ትርፉ ብቻ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1946 ይህ የመሬት ሽያጭ ሳይሆን የኢንቨስትመንት ውል ነው አለ። ከዚያ ወዲህ የሃዊ መለኪያ በሚባለው ፍርድ መሠረት አራት ነገር ይጠየቃል፦ ሰውየው ገንዘብ አውጥቷል? ገንዘቡ የገባው በጋራ ሥራ ውስጥ ነው? ትርፍ ይጠብቃል? ትርፉ የሚመጣው በሌላ ሰው ድካም ነው? አራቱም አዎ ከሆኑ፣ ወረቀቱ ላይ “አባልነት”፣ “ሽርክና” ወይም “ድጋፍ” ተብሎ ቢጻፍም ለውጥ የለውም።

በምሳሌያችን ሌሊት ተነሥተው የሚያቦኩት ሁለቱ ባልንጀሮች በዚህ መለኪያ አይያዙም ማለት ይቻላል። አሥራ ሁለቱ ግን ይያዛሉ። “ለሁሉም የድምፅ መብት ሰጥተናል” የሚለው መከላከያ አያዛልቅም፤ የሚታየው በተግባር ሥራውን የሚመራው ማን እንደሆነ ነው።

“ድርሻ አልሸጥንም፣ ተበድረን ነው” የሚለውም እንዲሁ ነው። ከ1990 የሬቭስ ፍርድ ወዲህ የብድር ሰነድም እንደ ሁኔታው ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ይሆናል። አንድ ወንድም ለእኅቱ ሲያበድር ሌላ፣ ድርጅት ሥራ ለማስፋት ከ20 ሰው በ10 በመቶ ወለድ ሲሰበስብ ሌላ። እቁብስ? ሁሉም እኩል ጥሎ በየተራው የጣለውን ያህል የሚወስድበት እቁብ ትርፍ የሚጠበቅበት አይደለም። የእቁቡ ዳኛ “የዚህን ዙር ገንዘብ ቤት ልግዛበትና ትርፉን እንካፈል” ያለ ቀን ግን ነገሩ ተለወጠ።

ስቴቶች እዚህ ውስጥ የገቡት ከፌዴራሉ ቀድመው ነው። ካንሳስ በ1911 የመጀመሪያውን ጠንካራ ሕግ አወጣች፤ ከሰማይ በቀር መያዣ የሌለውን ነገር ለገበሬ የሚሸጡትን ለመግታት ነበርና የስቴት ሕጎቹ እስከ ዛሬ “ብሉ ስካይ” ይባላሉ። የፌዴራሉ የሴኩሪቲስ ሕግ የመጣው በ1933 ነው። በ1996 ደግሞ ኮንግረስ አንዳንድ ሽያጮችን ከስቴት ምዝገባ ነጻ አወጣ፤ ያኔም ቢሆን ማስታወቂያ የመቀበል፣ ክፍያ የማስከፈልና አጭበርባሪን የመክሰስ ሥልጣን ለስቴቶቹ ቀርቷል። ደረጃ 4 ላይ የሚመረጠው መንገድ የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ስቴትና የድርጅት ዓይነት ይምረጡ

ሥራው ቨርጂኒያ ከሆነ ቨርጂኒያ ያስመዝግቡ። “ዴላዌር ይሻላል” የሚለው ምክር ለትልልቅ የቬንቸር ካፒታል ባለሀብቶች ለሚዘጋጅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ እውነት ነው፤ ለመጋገሪያ፣ ለጭነት መኪና ወይም ለቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት ግን ድርብ ወጪ ነው። ሜሪላንድ የሚሠራ የዴላዌር ኤልኤልሲን (የባለቤቶቹ ኃላፊነት የተወሰነበት ድርጅት) ለምሳሌ ይውሰዱ። ለዴላዌር በየዓመቱ እስከ ጁን 1 ድረስ 300 ዶላር ይከፍላል። በእንግዳ ድርጅትነት ሜሪላንድ መመዝገብ አለበትና እዚያም እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ዓመታዊ ሪፖርት ከ300 ዶላር ጋር ያስገባል። አንድ እንጀራ ሳይሸጥ 600 ዶላር ሄደ፤ የሁለት ስቴት ወኪል ክፍያ ሳይቆጠር።

ዴላዌር ኮርፖሬሽን አቁመው 10,000,000 አክሲዮን የፈቀዱ ሰዎች ደግሞ አንድ ቀን 85,165 ዶላር የሚል የፍራንቻይዝ ታክስ (ስቴቱ በድርጅቶች ላይ የሚጥለው ዓመታዊ ታክስ) ደብዳቤ ደርሷቸው ይደነግጣሉ። ደብዳቤው ሐሰት አይደለም፤ የተሰላው በተፈቀደ አክሲዮን ብዛት ስለሆነ ነው። ሕጉ ሁለተኛ ስሌት ይፈቅዳል። የድርጅቱ ጠቅላላ ሀብት 100,000 ዶላር፣ የወጣው አክሲዮን 8,000,000 ቢሆን፣ 100,000ን ለ8,000,000 ያካፍሉ፤ 0.0125 ይመጣል። በተፈቀደው 10,000,000 ሲባዛ 125,000 ይሆናል። ይህ ወደ ላይ አንድ ሚሊዮን ተብሎ ይጠጋጋል፣ ለአንድ ሚሊዮን 400 ዶላር ነው። ከ50 ዶላር የሪፖርት ክፍያ ጋር 450 ዶላር። ቀኑ ማርች 1 ነው፤ ካለፈ 200 ዶላር ቅጣትና በወር 1.5 በመቶ ወለድ ይጨመራል።

ሰዎች የሚያምታቱት ሌላ ነገር አለ። ባለሀብቶቹ ሜሪላንድ መኖራቸው ድርጅቱን ሜሪላንድ እንዲመዘገብ አያስገድደውም፤ የሚያስገድደው ድርጅቱ ራሱ እዚያ ሲሠራ ነው። እንጀራውን ከአሌክሳንድሪያ እየጫኑ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ላሉ ሱቆች ማስረከብ ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አያስመዘግብም። እዚያ መጋዘንና ሠራተኛ ካለ ግን ያስመዘግባል። ሳይመዘገቡ የሠሩ እንደሆነ ዕዳ ያስቀረብዎትን ሱቅ በሜሪላንድ ፍርድ ቤት መክሰስ ሲፈልጉ በሩ ተዘግቶ ያገኙታል።

ኤልኤልሲ ወይስ ኮርፖሬሽን? ለአነስተኛ ድርጅት ኤልኤልሲ ይበቃል። አካውንታንቱ “ኤስ ኮርፖሬሽን እንሁን፣ ታክስ ይቀንሳል” ካለ ግን ከመስማማትዎ በፊት የአዋጪዎቹን ዝርዝር አሳዩት። ኤስ ኮርፖሬሽን ከ100 በላይ ባለድርሻ አይፈቅድም። የአሜሪካ ዜጋም ሆነ ለታክስ የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ባለድርሻ ሊሆን አይችልም። የድርሻውም ዓይነት አንድ ብቻ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ያለው ወንድም 2 በመቶ ከያዘ ምርጫው ይፈርሳል። “መጀመሪያ ለአዋጪዎች 8 በመቶ ይከፈል፣ የቀረው ይከፋፈል” የሚል ውል ካለም ሊፈርስ ይችላል። ወንድምየው ለታክስ እንደ ሽርክና በሚቆጠር ኤልኤልሲ ውስጥ መግባት ይችላል፤ ያኔ ግን ድርጅቱ ከእሱ የትርፍ ድርሻ ላይ ታክስ ቀንሶ ለፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) ማስገባት አለበት።

ደረጃ 3፦ ድርጅቱን መሥርቱ፣ መተዳደሪያ ውሉን ጻፉ

ቨርጂኒያ ውስጥ የሚመዘግበው የስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ነው፤ የኤልኤልሲ መመሥረቻ ክፍያው 100 ዶላር ሲሆን በኢንተርኔት ያልቃል። ሜሪላንድም 100 ዶላር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የግምትና ታክስ መምሪያ ይባላል፣ መፋጠን ከፈለጉ 50 ዶላር ይጨምራሉ። ስሙ ለምዝገባ ነጻ ነው ማለት የንግድ ምልክትነቱ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ለየብቻ ይፈልጉ።

ቨርጂኒያ የተመዘገበ ወኪል ላይ ጥብቅ ናት። ወኪሉ ግለሰብ ከሆነ የስቴቱ ነዋሪ መሆን አለበት፤ በተጨማሪም የድርጅቱ አባል ወይም ሥራ አስኪያጅ፣ አለበለዚያ የቨርጂኒያ ጠበቆች ማኅበር አባል መሆን አለበት። በወኪልነት የተሰማራ ድርጅት መቅጠርም ይቻላል። አድራሻው ሰው የሚገኝበት ቤት እንጂ የፖስታ ሣጥን አይሆንም፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚደርሰው እዚያ ነውና። ወኪሉ ቤት ቀይሮ ሳያሳውቅ ቢቀር መጥሪያው ይጠፋል፣ ድርጅቱም ሳያውቅ ይፈረድበታል። ብዙ ሰው ይሄን ክፍል ቸል ይለዋል።

የታክስ መለያ ቁጥሩን ከአይአርኤስ በነጻ ይውሰዱ፤ ለዚህ 200 ዶላር የሚያስከፍሉ ድረ ገጾች አሉ፣ አይክፈሉ። ከዚያ በድርጅቱ ስም የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ። ከአዋጪ የሚመጣ አንድ ዶላር እንኳ በግል ዜል አይለፍ። የግልና የድርጅት ገንዘብ ከተቀላቀለ ፍርድ ቤት የኤልኤልሲውን ጋሻ አንሥቶ ቤትዎን ሊደርስበት ይችላል።

ቀጥሎ ኦፕሬቲንግ አግሪመንት የሚባለው መተዳደሪያ ውል አለ። ለስቴቱ አይገባም፣ እናንተ ዘንድ ይቀመጣል፤ ስለዚህም ብዙዎች ከኢንተርኔት አንዱን አውርደው ስም ይቀይሩበታል። ውሉ ዝም ያለበትን ቦታ የስቴቱ ሕግ ይሞላዋል፤ አሞላሉም ከስቴት ስቴት ይለያያል። አንዳንዱ ድምፅን በገንዘብ መጠን ይቆጥራል፣ አንዳንዱ በነፍስ ወከፍ። በነፍስ ወከፍ ከሆነ 12ቱ አዋጪዎች ሁለቱን ጋጋሪዎች በማንኛውም ቀን ያሸንፏቸዋል።

ከወረደ ቅጽ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይሄ ነው። አንደኛ፣ ለታክስ የሚከፈል ገንዘብ። ኤልኤልሲ እንደ ሽርክና ሲቆጠር አባሉ ኬ-1 የሚባል ቅጽ ይደርሰዋል፤ ድርጅቱ ትርፉን ለሁለተኛ ምጣድ መግዣ ቢያስቀረውና አባሉ አንድ ሳንቲም ባያገኝም በወረቀቱ ላይ ላለው ትርፍ ታክስ ይከፍላል። “ከተመደበለት ትርፍ ቢያንስ ይህን ያህል በመቶ በየዓመቱ ከታክስ ቀን በፊት ይከፈለዋል” የሚል አንቀጽ ከሌለ በመጀመሪያው ኤፕሪል ዝምድና ይሻክራል። ሁለተኛ፣ ሞትና ፍቺ፤ ድርሻው ለሚስት ወይም ለልጅ ሲተላለፍ ትርፍ ይተላለፋል ወይስ ድምፅም? ሦስተኛ፣ ሁለቱ ባልንጀሮች 50 በ50 ሲሆኑና ሲጣሉ ማን ይወስናል? አራተኛ፣ መውጣት የፈለገ ሰው ድርሻ ዋጋው በምን ይሰላል፣ በስንት ዓመትስ ይከፈላል? አምስተኛ፣ ተጨማሪ ገንዘብ ቢያስፈልግ የማያዋጣው ሰው ድርሻ ምን ይሆናል? “በስምምነት ይፈታል” ብሎ መጻፍ ምንም እንዳልጻፉ ነው፤ ውሉ የሚገለጠው ስምምነት በጠፋ ቀን ነው።

ደረጃ 4፦ ከምዝገባ ነጻ የሚሆኑበትን መንገድ ይምረጡ

ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ይመዘገባል፣ ወይም ከምዝገባ ነጻ የሚያደርግ ደንብ ያሟላል፤ ሦስተኛ መንገድ የለም። ለመጋገሪያችን የሚመቸው ሬጉሌሽን ዲ በሚባለው የፌዴራል ደንብ ውስጥ ያለው 506(ቢ) ነው። የገንዘብ ጣሪያ የለውም። “አክረዲትድ” የሚባሉትን ባለሀብቶች ያለ ቁጥር ገደብ፣ ያልሆኑትን ደግሞ እስከ 35 ሰው ያስገባል። ስቴቶቹም ከማስታወቂያና ክፍያ በቀር ምዝገባ ሊጠይቁ አይችሉም። ዋናው ግዴታው በአደባባይ አለመለፈፍ ነው።

አክረዲትድ ለመባል ባለፉት ሁለት ዓመታት በያንዳንዳቸው ከ200,000 ዶላር በላይ፣ ከትዳር ጓደኛ ጋር ከ300,000 ዶላር በላይ ገቢ ኖሮ ዘንድሮም ያው የሚጠበቅ መሆን አለበት። ወይም የሚኖሩበትን ቤት ሳይጨምር ከ1,000,000 ዶላር በላይ የተጣራ ሀብት። ነርሷ 160,000፣ ባለቤቷ 150,000 ካገኙ በ310,000 ያልፋሉ። 700,000 ዶላር የሚያወጣ ቤት ያለው፣ ሌላ ግን እምብዛም የሌለው ሰው አያልፍም፤ ቤቱ አይቆጠርለትምና። የጡረታ ቁጠባው ግን ይቆጠራል።

ከ12ቱ ሦስቱ ባያልፉስ? ይፈቀዳል፣ ግን ዋጋ አለው። አንድም ቢሆን አክረዲትድ ያልሆነ ገዢ ከገባ፣ ከሽያጩ በቂ ጊዜ አስቀድሞ ዝርዝር የጽሑፍ መግለጫና የሒሳብ መግለጫ መስጠት ግዴታ ነው። ገዢውም ራሱ ወይም ከአማካሪው ጋር ሆኖ ነገሩን መመዘን የሚችል መሆን አለበት። ለ75,000 ዶላር ሲባል የጠበቃው ዋጋ ብዙ ሺሕ ይጨምራል። ደግሞም 25,000 ዶላሩ የዕድሜ ልክ ቁጠባው የሆነ ሰው ሥራው ሲከስር የሚደርስበት ጉዳት ከሌሎቹ የከፋ ነው። ብዙ ጊዜ የተሻለው መፍትሔ ሦስቱን በትሕትና ማስቀረት ነው፤ ይቅርታ ጠይቆ ማስቀረት ኋላ ገንዘቡን ካጠፉ በኋላ ይቅርታ ከመጠየቅ ይቀላል።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። ደንብ 504 በ12 ወር እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የስቴቶችን ምዝገባ አያስቀርም፣ ስለዚህ በየስቴቱ ለየብቻ ነጻ የሚያደርግ ደንብ መፈለግ አለብዎት። ብዙ ስቴቶች ለጥቂት ገዢ የሚሆን፣ ከምዝገባ ነጻ የሚያደርግ የራሳቸው ደንብ (ነጻነት) አላቸው። ለስቴቶች በሞዴልነት የተዘጋጀው የ2002ቱ ወጥ የሴኩሪቲስ ሕግ ለምሳሌ በስቴቱ ውስጥ በ12 ወር ከ25 ላልበለጡ ገዢዎች ይፈቅዳል። አንዳንዱ ስቴት የሚቆጥረው የገዙትን ሳይሆን የተጠየቁትን ስለሆነ 40 ሰው አነጋግረው አምስት ብቻ ቢገዙም ገደቡን ሊጥሱ ይችላሉ። በአደባባይ ማስተዋወቅ የግድ ከሆነ 506(ሲ) አለ፤ ገዢዎቹ ሁሉ አክረዲትድ መሆናቸውን በማስረጃ ማጣራት ግን ግዴታ ነው። በተመዘገበ የኢንተርኔት ፖርታል በኩል በ12 ወር እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር የሚሰበሰብበት የክራውድፈንዲንግ ደንብም አለ።

ሰዉ በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ነው። 3,000 አባል ባለው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዲህ ተለጠፈ እንበል፦

“ውድ ወገኖቻችን፦ አሌክሳንድሪያ ላይ የእንጀራ መጋገሪያ ልንከፍት ነው። ከ25,000 ዶላር ጀምሮ ድርሻ ይግዙ። በዓመት 20 በመቶ ትርፍ የተረጋገጠ ነው። በውስጥ መስመር ያነጋግሩን።”

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ችግር የለበትም፤ የንግድ ማስታወቂያ ነው። ሁለተኛው 506(ቢ)ን ያፈርሳል፤ ለማያውቁት ሕዝብ ድርሻ አቅርበዋልና። ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል፤ ገና ያልተከፈተ መጋገሪያ ትርፉ “የተረጋገጠ” ሊሆን አይችልም፣ ያ ደግሞ የትኛውም ነጻነት የማይሸፍነው ማሳሳት ነው። አራተኛው “ኋላ በግል ነው ያነጋገርናቸው” ለማለት የሚረዳ ይመስላል፤ አይረዳም። ከቅዳሴ በኋላ በማይክሮፎን መናገር፣ በአማርኛ ሬዲዮ ማወጅ፣ በበጋው የእግር ኳስ በዓል ላይ ድንኳን ተክሎ ወረቀት ማደል፣ ሁሉም ያው ነው። 506(ቢ) የሚፈልገው ስለ ድርሻው ከመነገሩ በፊት የነበረ ትውውቅ፣ የሰውየውን አቅም ለማወቅ የሚያስችል ትውውቅ ነው።

“ሰው ላመጣ 5 በመቶ” ለሚል አገናኝም አይክፈሉ። ባልተመዘገበ ደላላ በኩል መሸጥ የፌዴራልም የስቴትም ጥፋት ነው፤ ገዢውም ሽያጩ ይፍረስልኝ የሚልበት ምክንያት ያገኛል። በተጨማሪም መሥራቾቹን፣ ሥራ አስኪያጆቹንና 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድምፅ ያላቸውን ሁሉ በማጭበርበርና በሴኩሪቲ ጥፋት የተፈረደባቸው ወይም የታገዱ እንደሆነ ይጠይቁ፤ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ደንብ 506ን ለሁሉም ሊዘጋው ይችላል።

ደረጃ 5፦ ለባለሀብቱ የሚሰጠውን ሰነድ ያዘጋጁ

አራት ወረቀት ይበቃል፦ ስለ ሥራውና ስለ አደጋው የሚገልጽ መግለጫ፣ መተዳደሪያ ውሉ፣ ሰብስክሪፕሽን አግሪመንት የሚባለው የድርሻ ግዢ ውል፣ ባለሀብቱ ስለ አቅሙ የሚሞላው መጠይቅ።

በአደጋው ክፍል “ማንኛውም ንግድ አደጋ አለው” ብሎ ማለፍ ዋጋ የለውም። የራስዎን አደጋ ይጻፉ፦ የኪራይ ውሉ ለሦስት ዓመት ብቻ ነው፤ ጤፉ የሚመጣው ከአንድ አቅራቢ ነው፤ ከሁለቱ ጋጋሪዎች አንዱ ቢታመም ምርቱ በግማሽ ይወርዳል፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ከዚህ በፊት የከሰረ ምግብ ቤት ነበረው። የመጨረሻውን መጻፍ ያሳፍራል፤ ተደብቆ ሲገኝ ግን ክሱ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። ሕጉ የሚቀጣው ውሸትን ብቻ አይደለም፤ ገዢው ቢያውቀው ሐሳቡን ሊለውጥ የሚችል ነገር መዝለልንም ነው። ቡና ላይ የተባለውም ይቆጠራል፤ ወረቀቱ “ሊከስር ይችላል” እያለ አፍ “አታስቢ እኅቴ” ካለ አፉም ማስረጃ ነው።

ድርሻው እንደ ሸቀጥ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን፣ ከታሰበው ዝቅተኛ መጠን በታች ከተሰበሰበ ገንዘቡ የሚመለስበትን ቀንም ያስገቡ። 300,000 የሚጠይቅ መጋገሪያ በ110,000 ዶላር ሲጀመር ማሽኑ ይገዛል፣ ማንቀሳቀሻ ይጠፋል።

ደረጃ 6፦ ያስፈርሙ፣ ይመዝግቡ፣ ማስታወቂያ ያስገቡ

ለያንዳንዱ ገዢ አንድ መስመር የያዘ መዝገብ ይክፈቱ፦ በመታወቂያው ላይ ያለ ስም፣ የሚኖርበት ስቴት፣ ሰነዱን የተረከበበት ቀን፣ የፈረመበት ቀን፣ ድርጅቱ የተቀበለበት ቀን፣ ገንዘቡ የገባበት ቀን፣ አክረዲትድ የሆነበት ምክንያት። ለምሳሌ የሜሪላንዷ ገዢ ሰነዱን ማርች 3 ተረከበች፤ ማርች 12 ፈረመች፣ ድርጅቱም በዚያው ቀን ተቀበለ፤ ገንዘቡ ማርች 16 ገባ። የመጀመሪያዋ ገዢ እሷ ከሆነች የሽያጩ ቀን ወደ ኋላ ማለት የማትችልበት ማርች 12 እንጂ ገንዘቡ የገባበት አይደለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ፣ ማለትም እስከ ማርች 27፣ ፎርም ዲ የሚባለው የሽያጭ ማስታወቂያ ለፌዴራሉ የሴኩሪቲስና ኤክስቼንጅ ኮሚሽን፣ ኤድጋር በሚባለው የኢንተርኔት ማስገቢያው በኩል ይገባል። ክፍያ የለውም። ችግሩ ኤድጋር ለመግባት አስቀድሞ ፎርም አይዲ መሙላት፣ በኖተሪ ማስመስከርና መልስ መጠበቅ ስላለ፣ በ14ኛው ቀን የጀመረ ሰው አይደርስም። ድርሻ ከመሸጥዎ በፊት ይጨርሱት። ፎርም ዲ ማንም የሚያነበው ሰነድ ስለሆነ የቤትዎን ሳይሆን የሥራ አድራሻዎን ይጻፉ፤ ከገባ በኋላ ለሚዘንበው የአበዳሪና የአሻሻጭ ስልክም ይዘጋጁ።

ቀጥሎ ስቴቶቹ። የስቴት ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ባዘጋጀው ኢኤፍዲ በሚባለው ድረ ገጽ ፎርም ዲውን አስገብተው ገዢ ያለባቸውን ስቴቶች ይመርጣሉ። ቨርጂኒያ 250 ዶላር ታስከፍላለች፤ ሜሪላንድ 100። ቴክሳስ ለሽያጭ ከቀረበው መጠን አንድ ሺኛ፣ ከ500 ዶላር ሳይበልጥ። ፍሎሪዳ በደንብ 506 ለተሸጠ ድርሻ ማስታወቂያ አትጠይቅም። ቀኑ በያንዳንዱ ስቴት የሚቆጠረው እዚያ ስቴት ውስጥ ከተሸጠበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ የቴክሳሶቹ ሁለት ወር ዘግይተው ከገዙ የቴክሳስ 15 ቀን ያኔ ይጀምራል። ሽያጩ ከዓመት በላይ ከቀጠለ ፎርም ዲው በየዓመቱ ይታደሳል።

ደረጃ 7፦ ድርጅቱን በሕይወት ያቆዩት

ቨርጂኒያ ለኤልኤልሲ በየዓመቱ 50 ዶላር ትጠይቃለች፤ ቀኑ ድርጅቱ የተመሠረተበት ወር መጨረሻ ነው። ካለፈ 25 ዶላር ቅጣት አለው፤ ከዚያ በኋላ ሦስተኛው ወር እስኪያልቅ ካልተከፈለ ድርጅቱ በራሱ ይሰረዛል። ሜሪላንድ ሪፖርት ያላስገባን ድርጅት መብቱን ትነጥቃለች፤ በዚያ ስም መነገድ አይችልም። ዋሽንግተን ዲሲ ሪፖርቱን በሁለት ዓመት አንዴ፣ ኤፕሪል 1፣ ትቀበላለች።

በፖስታ ንስር የታተመበት፣ “የሁኔታ ማረጋገጫ ካልወሰዱ” ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣል። ታች በትንሹ “የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለንም” የሚል ይፈልጉ። የድርጅት እውነተኛ ባለቤቶችን ፊንሰን ለሚባለው የፌዴራል የገንዘብ ወንጀል መሥሪያ ቤት ስለማሳወቅ የሚመጣውም እንዲሁ ነው፤ ከማርች 2025 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የተመሠረቱ ድርጅቶች ከዚያ የፌዴራል ግዴታ ነጻ ሆነዋል።

መጋገሪያው ታዋቂ ሆኖ ስሙንና አሠራሩን በክፍያ ለሌላ ሰው መስጠት ካሰቡ፣ ያ ፍራንቻይዝ ሊሆን ይችላል። ሜሪላንድም ቨርጂኒያም አስቀድሞ ምዝገባ ይጠይቃሉ፤ ተቆጣጣሪዎቹም ያው የሴኩሪቲ ክፍሎቹ ናቸው።

የኢትዮጵያ አክሲዮን እዚህ ሲሸጥ

ኢትዮጵያ ውስጥ በምሥረታ ላይ ያለ ድርጅት ወኪሉን ልኮ ሲልቨር ስፕሪንግ በሆቴል አዳራሽ አክሲዮን ቢሸጥ፣ ጥያቄው የቀረበው ሜሪላንድ ውስጥ ስለሆነ የሜሪላንድ ሕግ ይይዘዋል። ኢትዮጵያ በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ለሕዝብ የሚቀርብ አክሲዮን በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን እንዲመዘገብ አድርጋለች፤ እዚያ መመዝገቡ ግን እዚህ ምዝገባን አይተካም። አዳራሹን የተከራየው፣ ስም የጻፈውና ቼክ የሰበሰበው የአካባቢው ሰው ራሱ ሊጠየቅ ይችላል። ገዢ ከሆኑ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ እዚያ የተመዘገበበትን ማረጋገጫ፣ እዚህ የሚሸጥበትን ነጻነት ስም። ሁለተኛውን መመለስ ያልቻለ ሰው ጠበቃ አላማከረም ማለት ነው።

ገንዘቡን ቀድሞ የተቀበለ ሰው

ሽያጩን ዛሬውኑ ያቁሙ። ማን፣ መቼ፣ ስንት፣ በምን መንገድ እንደሰጠ፣ ምን እንደተባለና የት እንደሚኖር ይዘርዝሩ፤ የቴሌግራሙን ጽሑፍ አያጥፉ፣ ማጥፋቱ ከጽሑፉ በላይ ይከብዳል። ፎርም ዲ መዘግየቱ ብቻውን የፌዴራሉን 506 ነጻነት አያሳጣም፣ ስለዚህ ዘግይቶም ቢሆን ይግባ፤ ስቴቶች የመዘግየት ቅጣት ሊጠይቁ ይችላሉ። ነጻነቱ ራሱ ከጠፋ ግን በስቴት ሕግ ገዢው ገንዘቡን ከወለድ ጋር የመጠየቅ መብት አለው፤ ተጠያቂው ድርጅቱ ብቻ ሳይሆን የሚመሩት ሰዎችም ናቸው። ያኔ ጠበቃው በጽሑፍ የመመለሻ ጥያቄ ያዘጋጃል፦ እውነቱ ሁሉ ተገልጾላቸው ገንዘባቸውን ከነወለዱ መውሰድ ወይም መቆየት ይመርጣሉ። ሁሉም መመለስ ቢመርጥ የሚከፈል ገንዘብ መኖሩን ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ያረጋግጡ።

ወረቀቱን አሁን ሲያስፈርሙ ደግሞ ወደ ኋላ ቀን አይጻፉበት። ገንዘቡ ጃንዋሪ 13 ገብቶ ውሉ የተፈረመው ጁን 9 ከሆነ፣ ሁለቱም ቀኖች በውሉ ውስጥ እንዳሉ ይጻፉ፤ ፊርማው አጠገብ የሚሰፍረው ጁን 9 ነው።